ባትሪ ግሪፕ ልግዛ ወይስ ሁለተኛ ባትሪ ይበቃኛል?

እህቴ፣ ባሕር ዳር ሠርግ እንደምትሠሪ፣ ካሜራሽ ካኖን 80ዲ እንደሆነ፣ ባትሪ በሥራ መሀል እያለቀ ስላስቸገረሽ ግሪፕ ልግዛ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ከተማ ሠርግ አነሳለሁ። ግሪፕም ለዓመታት ተጠቅሜያለሁ። ግሪፕ ማለት ከካሜራው ሥር የሚገጠም፣ ሁለት ባትሪ የሚይዝና ካሜራውን በቁም ስትይዢ የምትጫኚው ሁለተኛ የሹተር (የማንሻ) ቁልፍ ያለው መያዣ ነው።

ችግርሽ ባትሪ ብቻ ከሆነ ግሪፕ አትግዢ። አንድ ተጨማሪ ኤልፒ-ኢ6ኤን ባትሪ ግዢ። ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ለመቀየርም ደቂቃ አይፈጅም። 80ዲ በካኖን መለኪያ በአንድ ሙሉ ባትሪ 960 ያህል ፎቶ ያነሳል። ያ ግን በቪውፋይንደር፣ ዓይንሽን በምታስጠጊበት በትንሿ መስኮት፣ እያየሽ ስታነሺ ነው። በስክሪኑ እያየሽ ካነሳሽ ወደ 300 ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ አነሳስሽን እዪ። ከዚያ ሜኑ ውስጥ ገብተሽ የባትሪ መረጃውን ክፈቺ። ሦስት አረንጓዴ ካሳየሽ ባትሪው ደህና ነው። አንድ ቀይ ከሆነ አርጅቷል፤ ግሪፕ ውስጥ ብትከቺውም አይታደስም።

መብራት ጠፍቶ ካደረም ግሪፕ አያድንሽም። ሁለት ባዶ ባትሪ ተሸክመሽ ነው ሠርግ ቤት የምትገቢው። እርግጥ የካኖኑ ግሪፕ ቢጂ-ኢ14 በስድስት የግድግዳ ሰዓት ባትሪም ይሠራል። እሱ ግን ለክፉ ቀን እንጂ ለሙሉ ሠርግ አይሆንም።

ግሪፕ የሚገዛው ለእጅ ነው። ተክሊል ላይ አስቢው። ሙሽሮቹ ካባ ለብሰው፣ አክሊል ደፍተው ቆመዋል። ከአክሊሉ እስከ ካባው ጫፍ ለማስገባት ካሜራውን በቁም ትይዣለሽ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብርሃኑ ትንሽ ነው፤ ፍላሽ ማብራትም ቅዳሴውን ይረብሻል፣ እኔ በበኩሌ አላበራም። ስለዚህ ብርሃን እንዲበቃ የሹተሩን ፍጥነት ወደ 1/60 ሰከንድ ታወርጂዋለሽ። ግሪፕ ከሌለ ቀኝ ክርንሽ አየር ላይ ተሰቅሎ ነው የምታነሺው። እጅ ሲደክም ይንቀጠቀጣል፣ ፎቶውም ይደበዝዛል። ግሪፕ ካለ ግን የሹተር ቁልፉ ታች ስለሚመጣ ሁለቱም ክርኖችሽ ጎንሽ ላይ ያርፋሉ። ጥር ላይ ሠርግ በሠርግ ላይ ሲደራረብ ልዩነቱን ትከሻሽ ይነግርሻል። በተለይ ከሩቅ የሚያቀርበው 70-200 ሌንስ ካለሽ፣ f/2.8 የሚባለው ዓይነት ብቻውን 1.5 ኪሎ ገደማ ነው፤ ግሪፑ ከኋላ ሆኖ ሚዛኑን ይጠብቅልሻል።

እንግዲህ ከገዛሽ፣ ሌላ ድርጅት አስመስሎ ከሠራው አዲስ ኮፒ ይልቅ ያገለገለ የካኖን ኦሪጂናል እመርጣለሁ። ካሜራሽን ይዘሽ ሂጂ። ግጠሚውና ነቅነቅ አድርጊው፤ መላወስ የለበትም። ሁለት ባትሪ ከተሽ ሜኑው ሁለቱንም ለየብቻ ማሳየቱን አረጋግጪ። ካሜራው ውስጥ የሚገባው አንገቱ ላይ ያሉት ብረቶች ዝገት እንዳይኖራቸው። የቁም ሹተሩን ደጋግመሽ ተጫኚ። ካልሠራ ቶሎ ተበላሽቷል አትበዪ፣ ግሪፑ ላይ የራሱ ማብሪያና ማጥፊያ አለው፤ ብዙ ሰው እሱን ይረሳል። አንድ ሌላ ነገር፦ 80ዲ ላይ ግሪፕ በሰከንድ የሚነሳውን የፎቶ ብዛት አይጨምርም። ይጨምራል ብሎ ዋጋ ለሚሰቅልብሽ ሻጭ አትክፈዪ።

እኔ በጀልባ ወደ ዘጌ ስሻገር ወይም ጢስ ዓባይ ስወርድ ግሪፑን ቤት እተወዋለሁ። ለመንገድ ሸክም ነው። ፏፏቴውን በትራይፖድ በቀስታ ሹተር ስታነሺ ደግሞ በካሜራውና በትራይፖዱ መሀል የገባ ተጨማሪ መጋጠሚያ አይጠቅምም። ቪዲዮ በጂምባል፣ ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ በሚይዘው መሣሪያ፣ የምትሠሪ ከሆነም ግሪፑን መፍታት አለብሽ፣ አለዚያ ሚዛን ማስያዙ ያለፋሻል። ግሪፑን ለመግጠም የካሜራው የባትሪ ክዳን ይወልቃል። ክዳኑን ኪስሽ ውስጥ አትክተቺው፣ ይጠፋል። ግሪፑ ላይ የራሱ ማስቀመጫ ስላለው እዚያው ሸጉጪው።