በ43 ዓመቴ ብሎክቼይን ልማር ብል ረፍዶብኛል?

ጥያቄ፦ የ43 ዓመት እናት ነኝ። የምኖረው ደብረ ሲና ነው። በሂሳብ ሠራተኝነት እተዳደራለሁ፤ የሰፈራችን እድር ጸሐፊም ነኝ። ብሎክቼይን ፕሮግራሚንግ መማር እፈልጋለሁ፤ ግን ኮድ ጽፌ አላውቅም። አንድ አሠልጣኝ «በ2 ወር አስጨርስሻለሁ» ብሎ 8,000 ብር ተቀበለኝና በሦስተኛው ሳምንት ስልኩን ዘጋ። ልጄም «እማዬ፣ ይቅርብሽ» ይለኛል። ረፍዶብኛል? ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ አልረፈደብዎትም። ያ 8,000 ብር ግን አንገብግቦኛል።

እኔ ስጀምር 39 ዓመቴ ነበር። ደብረ ብርሃን፣ ማታ ከሥራ መልስ፣ ጋቢ ተከናንቤ። የጎዳኝ ዕድሜዬ አይደለም፤ አጀማመሬ ነው። ዘልዬ ሶሊዲቲ ውስጥ ገባሁ፤ ኢቴሪየም በሚባለው የብሎክቼይን መረብ ላይ «ውል»፣ ማለትም ክፍያን ራሱ የሚፈጽም ፕሮግራም፣ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) ምን እንደሆነ ሳይገባኝ የሰው ኮድ እየገለበጥኩ 4 ወር ፈጀሁ። እርስዎ መጀመሪያ ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ይማሩ። በቀን 1 ሰዓት ይበቃል፤ ግን አያቋርጡ። ስልክ ላይ አይሞክሩት፤ ያገለገለም ቢሆን ላፕቶፕ ያስፈልግዎታል።

ደግሞ እኔ ያልነበረኝ ነገር አለዎት፤ የእድሩ መዝገብ። ገጹ ሲሞላ ድምሩን ወደሚቀጥለው ገጽ አናት «ከፊት ገጽ የዞረ» ብለው ያሻግሩ የለ? ብሎክቼይንም በብዙ ኮምፒውተር ላይ የሚያዝ መዝገብ ነው፤ ገጾቹን የሚያያይዘው እንደዚያ ነው። ልዩነቱ፣ የሚዞረው ድምሩ ሳይሆን የገጹ ሙሉ አሻራ ነው። ሃሽ ይባላል። ቢትኮይን የሚጠቀምበት ሻ-256 የሚባለው ስሌት አንድ ቃልም ይስጡት ሙሉ መዝገብ፣ የሚያወጣው 64 ፊደልና ቁጥር ነው። 50 ብር የሚለውን 60 ቢያደርጉት ያ አሻራ ጭራሽ ሌላ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ገጾች አይገጥሙም። ቅጂው ደግሞ በብዙ ሺህ ኮምፒውተር ላይ ስላለ፣ አንዱ ደልዞ ቢያቀርብ ሌሎቹ አይቀበሉትም።

እናም የመጀመሪያ ሥራዎ ይህ ይሁን። 5 አባላት ያሉት እድር በጃቫስክሪፕት ይሥሩ። እያንዳንዱ መዋጮ የፊተኛውን መስመር ሃሽ ይያዝ። እኔ ይህን የጨረስኩ ሌሊት ነው ነገሩ የገባኝ። በዚያ ብርድ ግቢ ወጥቼ ብዙ ቆሜያለሁ።

ሶሊዲቲን ከዚያ በኋላ ይጀምሩ። ሬሚክስ የሚባለው መጻፊያ ብሮውዘር ላይ ይከፈታል፤ የሚጫን ነገር የለውም። የጻፉትን ሴፖሊያ በሚባለው የሙከራ መረብ ላይ ይሞክሩ። ኢተር የኢቴሪየም ገንዘብ ነው፤ እዚያ ያለው ግን ዋጋ የለውም፤ በነጻ ይገኛል። የራስዎን ገንዘብ አያስገቡ። ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶን፣ ማለትም እንዲህ ያለውን ዲጂታል ገንዘብ፣ ለክፍያ መጠቀም ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። የዋሌትዎን (የዲጂታል ገንዘብ መያዣዎን) 12 ሚስጥራዊ ቃላት የሚጠይቅ አሠልጣኝ ካጋጠመዎት ሌባ ነው።

የሂሳብ ሠራተኛ መሆንዎ እዚህ ላይ በጣም ይጠቅምዎታል። በ2016 እ.ኤ.አ. ዘ ዳኦ ከሚባል ውል 3.6 ሚሊዮን ገደማ ኢተር ተወሰደ። ጥፋቱ የቅደም ተከተል ነበር፤ ውሉ መጀመሪያ ይከፍላል፣ ከመዝገብ የሚቀንሰው ከዚያ በኋላ ነው። ወሳጁ ገና ሳይቀነስበት ደጋግሞ ጠየቀ፤ ውሉም ደጋግሞ ከፈለው። እርስዎ መዝገቡን ሳይነኩ ለአንድ ሰው ሁለቴ ይከፍላሉ? አይከፍሉም። ኮድዎንም በዚያው ዓይን ይመልከቱት። አንዴ መረቡ ላይ የወጣ ውል እንደ ልብ አይታረምም።

ልጅዎን አይቀየሙት። የእድሩን ፕሮግራም ሲጨርሱ አንድ ማታ ከእራት በኋላ ላፕቶፑን ይስጡት። እርስዎ ፊትዎን ያዙሩ፤ እሱ ከመጨረሻው በቀር ከመዋጮዎቹ አንዱን በድብቅ ይቀይር። የቱን እንደነካ ፕሮግራምዎ ይንገረው።