የማያምመው ብግነት፦ ስለ ሬቲና ጠይቁ

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ስለ ሬቲና፣ ከዓይን በስተኋላ ስላለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ መነጽር አልመርጥም። አስቀድሜ ልበል፦ ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ፣ ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ማለት ነው፣ ያለበትን ጠብታ ሐኪም ሳያዝላችሁ ከፋርማሲ አትግዙ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ዶክተር፣ 58 ዓመቴ ነው። ስኳር ከያዘኝ 11 ዓመት አልፎኛል። ዓይኔ አይቀላም፣ አያመኝም። «ሬቲናዎ ብግነት አለበት» አሉኝ። ሳያም ምኑን ብግነት ሆነ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እግርዎን እሾህ ቢወጋዎ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያምማል፤ ብግነት ማለት ይህ ነው። ሬቲና ግን ሕመም የሚያስታውቅ ነርቭ የለውም። ውስጥ ውስጡን ሲጎዳ አይነግርዎትም።

ስኳር ሲበዛ የቀጫጭን ደም ሥሮች የውስጥ ግድግዳ ይጎዳል፤ ነጭ የደም ሴሎች ይለጠፉበታል። አንዳንዷ ሥር ትዘጋለች። ሬቲና ውስጥ ማይክሮግሊያ የሚባሉ ዘበኛ ሴሎች አሉ። እነሱም ይነቃሉ። የደነገጠ ዘበኛ ደግሞ ሌባና ባለቤት አይለይም። ኢንተርሉኪን 6 እና ቲኤንኤፍ አልፋ የመሳሰሉ ብግነት የሚያቀጣጥሉ ኬሚካሎችን ይረጫሉ። በደምና በሬቲና መካከል ያለው አጥር ይላላል፣ ፈሳሽ ይሰርጋል። ማኩላ፣ ፊደል የምናነብበት የሬቲና መሃል ማለት ነው፣ ውኃ ይቋጥራል። ያኔ ቀጥ ያለው መስመር ይጣመምብዎታል።

ቪኢጂኤፍ የሚባለው ፕሮቲንም አለ። አጥሩን ያላላል፣ እየቆየም በቀላሉ የሚደማ አዲስ ሥር ያበቅላል። ቤቫሲዙማብ የሚባለውን መድኃኒት ዓይን ውስጥ የምንወጋው እሱን ለማገድ ነው። ያ ካልበቃ ስቴሮይድ እንወጋለን፣ የዓይኑን ግፊት እየለካን። ባያምዎትም በዓመት አንዴ ብሌንዎ በጠብታ ሰፍቶ ሬቲናዎ ይታይ።

ከቢቸና፦ ዓይኔ ደብዝዟል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አንዱ ነው ሁለቱም? በአንድ ቀን ነው በዓመት? ስኳር አለብህ? እንዲህ ብሎ ጥያቄ የለም። ሄደህ ታይ።

ከዳንግላ፦ ትራኮማስ?

መልስ፦ እሱም ብግነት ነው፣ ግን የዓይን ቆብ ነው። ሬቲና አይነካም። ሌላ ቀን።

ከፍኖተ ሰላም፦ የ24 ዓመት ወንድሜ አንድ ዓይኑ ብዥ አለ፣ ጥቁር ነገር ይንሳፈፍበታል። ቶክሶፕላዝማ ነው ተባለ። ከድመት ነው የሚመጣው?

መልስ፦ ከድመት ዓይነ ምድር፣ ካልበሰለ ሥጋም። ተውሳኩ ሬቲና ላይ ለዓመታት ያንቀላፋል። ሲነቃ ሰውነት ይዘምትበታል፤ በዘመቻው ሬቲናውም አብሮ ይጎዳል። ጠባሳው ማኩላ ላይ ካረፈ የመሃል እይታ አይመለስም። ስቴሮይድ ያለ ፀረ ተውሳክ መድኃኒት ብቻውን ከተሰጠ ተውሳኩ ይፈነጭበታል። ጠብታ አትግዙ ያልሁት ለዚህም ነው።

ከሞጣ፦ ኧረ በጥሬ ሥጋ አትምጡብን! አያቴ እስከ ዘጠና ዓመታቸው ጥሬ በልተው መርፌ ክር ያስገቡ ነበር።

ከደጀን፦ ያንተ አያት የበሉት በሬ ነው። እኔ ዱለት ለብለብ ነው የምወደው፣ እኔ ልፍራ።

ከሞጣ፦ ድመቷን አባሯት፣ ሥጋውን ልቀቁልን!

መልስ፦ የደጀኑ ልክ ነው፤ ከበሬ ይልቅ በግና ፍየል ይብሳሉ። ዱለቱ ይብሰል። ነፍሰ ጡር ደግሞ ጥሬ ሥጋ ጭራሽ አትንካ፣ ወደ ጽንሱ ይተላለፋል። የሥጋው ክርክር እዚህ ላይ ይብቃ።

ከእንጅባራ፦ የዓይን መርፌ ቀጠሮ ተይዞልኛል። እናቴ ጠበል ይቅደም ትላለች።

መልስ፦ ተጠመቅ። ቀጠሮህን ግን እንዳታሳልፍ።

ከባሕር ዳር፣ ተማሪ፦ በእርጅና የሚመጣው የማኩላ ድካምስ ብግነት አለበት?

መልስ፦ አለበት። በ2005 እ.ኤ.አ. ከበሽታው ጋር የተያያዘ አንድ የጂን ልዩነት ተገኘ። ልዩነቱ ያለው ኮምፕሌመንት የሚባለውን የሰውነት መከላከያ ልጓም በሚይዝ ፕሮቲን ላይ ነው። ልጓሙ ሲላላ መከላከያው የራሱን ሬቲና ይበላል። ሲጋራ ያባብሰዋል።

ከቢቸና፦ ዶክተር፣ ቅድም ዓይኔ ደብዝዟል ያልሁት ነኝ። ከፋርማሲ የገዛሁት ጠብታ ቅላቱን አጥፍቶልኛል። ልቀጥል?

መልስ፦ ስሙን ጻፍልኝ።

ከቢቸና፦ ዴክሳሜታዞን ይላል። ስድስት ወሬ ነው።

መልስ፦ ስድስት ወር! ይህ ጠብታ ሲቆይ የዓይን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ሞራም ያመጣል። የደበዘዘህ ከእሱም ሊሆን ይችላል። ነገ ጠዋት የዓይንህን ግፊት አስለካ፣ ሬቲናህም ይታይ።

ከቢቸና፦ ጠብታውን ይዤ ልምጣ?

መልስ፦ ይዘህ ና።