ካስወጣሽው በኋላ ተመልሶ ለሚገባ የዊንዶውስ አፕዴት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የኮፒና ፕሪንት ቤት አለሽ። ሰሞኑን አፕዴት ከገባ ወዲህ ፕሪንት ስትይ ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ እንደገና ይነሳል። አፕዴቱን አስወጣሽው፤ በማግስቱ ተመልሶ ገባ። አንድ ሰው ደግሞ "አፕዴት የሚባለውን ነገር ጭራሽ ዝጊው" ብሎ መከረሽ። እኔ የምተዳደረው ኮምፒውተር በመጠገን ነው፤ እንዲህ ያለ ችግር በየጊዜው ይመጣልኛል። ያንን ምክር ግን እባክሽ አትስሚ። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ጥፋቱ የአፕዴቱ መሆኑን አረጋግጪ። "ሴቲንግስ" ውስጥ "ዊንዶውስ አፕዴት"ን፣ ቀጥሎ "አፕዴት ሂስትሪ"ን ክፈቺ። እያንዳንዱ አፕዴት በ"ኬቢ" የሚጀምር ቁጥርና የገባበት ቀን አለው። ቀኑ ችግሩ ከጀመረበት ቀን ጋር ይገጥማል? እዚያው ላይ የድራይቨር (ኮምፒውተሩን እንደ ፕሪንተር ካሉ ዕቃዎች ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አፕዴቶች ለብቻቸው ተዘርዝረዋል። የፕሪንተሩ ድራይቨር በዚያው ሰሞን ተቀይሮ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሪ። ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ላይ አስወግደሽ ከአምራቹ ድረ ገጽ ያወረድሽውን ድራይቨር ጫኚ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

አፕዴት ፕሪንት ማድረግን ሲያበላሽ ግን ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። በፈረንጆቹ መጋቢት 9 ቀን 2021 የወጣው የዊንዶውስ 10 አፕዴት፣ ኬቢ5000802፣ በአንዳንድ ፕሪንተሮች ላይ ልክ አንቺ እንዳልሽው ሰማያዊ ስክሪን ያመጣ ነበር። ማይክሮሶፍት ችግሩን አምኖ በዚያው ወር በ15 ኬቢ5001567 የሚባል ማስተካከያ አወጣ። ይሄን የማነሳው ለአንድ ነገር ነው፦ የብዙ ሰው ችግር ከሆነ ማስተካከያው ብዙ አይቆይም። አንቺ የሚያስፈልግሽ እስከዚያ ሥራሽ ሳይቆም መሰንበት ነው።

አሁን ወደ ማስወጣቱ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ያስወጣል፣ ሪስታርት ያደርጋል፣ ከዚያ ስለ ማገድ ያስባል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያንን አፕዴት እንደጎደለው ያያል፤ ኢንተርኔት ካገኘ መልሶ ያወርደዋል። አንቺ ላይ የደረሰውም ይሄው ይመስለኛል። ስለዚህ መጀመሪያ "ፖዝ አፕዴትስ" የሚለውን ተጫኚ። ዊንዶውስ 11 ላይ እስከ 5 ሳምንት፣ ዊንዶውስ 10 ላይ እስከ 35 ቀን ማቆም ይቻላል። ከዚያ "አፕዴት ሂስትሪ" ውስጥ "አንኢንስቶል አፕዴትስ" ገብተሽ ቁጥሩን ፈልጊና አስወጪው። ሪስታርት በመጨረሻ።

የምትጠቀሚው ዋይፋይ ወይም የስልክ ሆትስፖት ከሆነ ሌላም መላ አለ። የኔትወርኩን ስም ከፍተሽ "ሜተርድ ኮኔክሽን" የሚለውን አብሪው። ዊንዶውስ ኢንተርኔቱ ተቆጥሮ የሚከፈልበት እንደሆነ ይረዳና አብዛኛውን አፕዴት በራሱ አያወርድም። ለፓኬጅሽም ይጠቅማል። ግን ለእያንዳንዱ ዋይፋይ ለየብቻ ነው የሚበራው። የጎረቤት ዋይፋይ ላይ ከገባሽ እዚያም ማብራት አለብሽ።

ኮምፒውተርሽ ላይ ያለው የዊንዶውስ ዓይነት "ሆም" ነው "ፕሮ"? ፕሮ ከሆነ "ግሩፕ ፖሊሲ ኤዲተር" የሚባል አለው፤ እዚያ ውስጥ ወርሃዊ አፕዴቶች ከወጡ በኋላ እስከ 30 ቀን እንዲዘገዩ ማድረግ ትችያለሽ። ለሥራ ቦታ ከሁሉም የምወደው ይሄንን ነው። ችግር ያለበት አፕዴት በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ይታወቃል። ሆም ላይ ይሄ የለም፤ በፖዝ መሥራት ነው። አንድን አፕዴት ነጥሎ የሚደብቅ የቆየ የማይክሮሶፍት መሣሪያ ነበር፤ ኩባንያው ግን የዚያን ዓይነት መሣሪያዎች እያስወጣቸው ስለሆነ እሱን ተማምነሽ አትቀመጪ። በስሙ ፋይል ከሚያድሉ የማይታወቁ ድረ ገጾች ደግሞ ምንም እንዳታወርጂ።

ድንገት ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሳም ቢልሽ አትደንግጪ። ሲነሳ መሃል ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ በማብሪያው ቁልፍ ካጠፋሽው የጥገና ገጽ ይመጣል። "ትራብልሹት"፣ "አድቫንስድ ኦፕሽንስ"፣ "አንኢንስቶል አፕዴትስ" እያልሽ ግቢ። ሁለት ምርጫ ይሰጥሻል። ወርሃዊው አፕዴት "ኳሊቲ" የሚለው ነው፤ "ፊቸር" የሚለው ትልቁን የቨርዥን ለውጥ ነው የሚመልሰው። ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቅሻል። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ፣ ያንን ቁልፍ ከማይክሮሶፍት አካውንትሽ ላይ ወረቀት ላይ ገልብጪ።

አፕዴትን ጭራሽ ስለመዝጋት። በፈረንጆቹ ግንቦት 2017 ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ የሰው ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሥራቸው ተስተጓጉሎ ነበር። ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት ግን ከሁለት ወር ገደማ በፊት፣ በመጋቢት፣ ወጥቷል። የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው። አንቺ ዘንድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የማታውቂው ሰው ፍላሽ ይሰካል። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሰው መታወቂያ፣ ውል፣ ሁሉም እዚያ ኮምፒውተር ላይ ያልፋል። ፖዝ ማድረግ ጊዜ መግዛት ነው። አፕዴቱን መዝጋት ግን የደንበኞችሽን ወረቀት በሩ ክፍት በሆነ ቤት ትቶ መሄድ ነው።

ደግሞ ይሄንን እወቂ፦ ወርሃዊ አፕዴት ድምር ነው። የዚህን ወር ብታግጂው፣ የሚቀጥለው ወር በሌላ ቁጥር ያንኑ ይዞ ይመጣል፤ አዲስ ማስተካከያም አብሮት ይመጣል። የሚወጣው በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ነው፤ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ። ፖዙ ሳያልቅ የማስተካከያውን ዜና ተከታተይ። ሲወጣ መጀመሪያ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ጫኚው፤ ጽሑፍም ፎቶም ፕሪንት አድርገሽ ሞክሪ። ደህና ከሆነ ለሌሎቹ ልቀቂላቸው።

የኬቢ ቁጥሩን፣ የፕሪንተሩን ሞዴልና ሆም ይሁን ፕሮ ጻፊልኝ፤ አብረን እናየዋለን።