ፖሊስ ገዳዩን በስነ ልቦና ብቻ ይደርስበታል?

እህቴ፣ «ፊልም ላይ ባለሙያው ሬሳውን አየት አድርጎ ገዳዩ እንዲህ ያለ ሰው ነው ይላል፤ እውነት ነው? ሙያውንስ እንዴት ልማረው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሥራው አለ፣ ፊልሙ ግን ያጋንነዋል።

ባለሙያው ጠንቋይ አይደለም። ገዳዩ መሣሪያ ይዞ መጣ ወይስ እዚያው ያገኘውን አነሣ? ሟቹን ያውቀዋል? ሰፈሩን ለምዶታል? ከዚህ ተነስቶ ገዳዩ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይገምታል፤ ይህ ግምት ፕሮፋይል ይባላል። የአሜሪካው ፌዴራል የወንጀል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ኳንቲኮ ላይ ይህን የሚሠራ ክፍል ያቋቋመው በ1972 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ግምቱ ለመርማሪው ከማን እንደሚጀምር ይጠቁመዋል እንጂ ስም አይሰጠውም።

ግምቱ ሲሳሳት ምን እንደሚሆን ራሴ አይቻለሁ። ኦክቶበር 2002 ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታክሲ እነዳ ነበር። ያኔ ዲሲ አካባቢ የነበረ አበሻ ሁሉ ያስታውሰዋል። ሰው ሣር ሲያጭድ፣ ከሱቅ ሲወጣ ከሩቅ እየተተኮሰበት ይወድቃል። አንዱ ሟች ማደያ ላይ ቤንዚን ሲቀዳ የተመታ ታክሲ ነጂ ነው። እኛም ቱቦውን ሰክተን ከመኪናው ጀርባ ቁጢጥ እንል ነበር።

ቲቪ በተከፈተ ቁጥር አንድ ባለሙያ አይጠፋም። ብዙዎቹ ነጭ ነው፣ ብቻውን ነው አሉ። ምስክሮች ደግሞ ነጭ ቫን አየን አሉ። በቃ፣ ከተማው ሁሉ ነጭ ሰው በነጭ ቫን ሲፈልግ ከረመ። እኔ ራሴ ነጭ ቫን ከኋላዬ ሲመጣ መስመር እቀይር ነበር (ምስኪን የቧንቧ ሠራተኞች!)።

የተያዙት ግን ሁለት ጥቁሮች ናቸው፤ አንድ የ41 ዓመት የቀድሞ ወታደርና አንድ የ17 ዓመት ልጅ። መኪናቸው አሮጌ ሰማያዊ ሸቭሮሌት ካፕሪስ ነበረች። ባልቲሞር ላይ ፖሊስ ሰውዬውን መኪናው ውስጥ ተኝቶ አግኝቶት ለቆታል። ምን ያድርግ፣ የሚፈለገው ሌላ ዓይነት ሰው ነው።

ያስያዛቸው የራሳቸው ጉራ ነው። ለፖሊስ ስልክ ደውለው አላባማ ውስጥ፣ ሞንትጎመሪ ከተማ፣ ስለፈጸሙት ግድያ ፎከሩ። እዚያ የተገኘው የጣት አሻራ ኢሚግሬሽን ጋ ከነበረው የልጁ አሻራ ጋር ገጠመ። ከልጁ ወደ ሰውዬው፣ ከሰውዬው ወደ ታርጋው ተደረሰ። ታርጋው በሬዲዮ ሲነገር መንገደኞች ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ማረፊያ ቦታ ላይ መኪናዋን አይተው ጠቆሙ። ከሞንትጎመሪው ግድያ ጋር በአንድ ቀን አትላንታ ላይ የተገደለ የአገራችን ሰው ጉዳይም ኋላ ከእነሱ ጋር ተያይዟል።

እንግሊዝ የባሰ አለ። በ1992 ለንደን፣ ዊምብልደን ኮመን ላይ አንዲት ወጣት እናት ተገደለች። ፖሊስ ፕሮፋይሉ የሚመስለውን አንድ ሰው ያዘና ሙጭጭ አለበት። ሴት ፖሊስ ፍቅረኛ መስላ እንድትቀርበው ሁሉ አደረጉ። አልተናዘዘም፤ ዳኛውም በ1994 ማስረጃውን ጣሉት። እውነተኛው ገዳይ ግን በ1993 ሌላ እናትን ከ4 ዓመት ልጇ ጋር ገድሎ ነበር። የዊምብልደኑ ግድያ የተፈረደበት ገና በ2008 ነው።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ ስነ ልቦና ማጥናቱ ጥሩ ነው። ኤፍቢአይ ግን ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለዚህ ሥራ አይቀጥርም። መጀመሪያ ወኪል ሆነሽ ዓመታት ወንጀል መመርመር አለብሽ።