115 ፕሩፍ ቦርበን እንዴት ይቀመሳል?

ወንድሜ፣ «ኦልድ ፎረስተር 1920 ገዝቼ ከእሳት በቀር የቀመስኩት ነገር የለም፤ ጠርሙሱ ተበላሽቶ ይሆን?» ላልከው፣ ጠርሙሱ ደህና ነው። ችግሩ አጠጣጡ ላይ ነው።

ኦልድ ፎረስተር 1920 ቦርበን፣ ማለትም በአብዛኛው ከበቆሎ የሚሠራ የአሜሪካ ውስኪ ነው፤ ጥንካሬው 115 ፕሩፍ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፕሩፍ የአልኮሉ መቶኛ እጥፍ ስለሆነ 115 ማለት 57.5% ነው። 1920 የተመረተበት ዓመት እንዳይመስልህ፤ መጠጥ በተከለከለበት ዘመን በሐኪም ትእዛዝ ይሸጥ የነበረውን ውስኪ ለማስታወስ የተሰጠ ስም ነው። ፋብሪካው እንደሚለው ያኔ ውስኪው በርሜል የሚገባው በ50% ነበር፤ መጋዘን ውስጥ ውሃው ከአልኮሉ ቀድሞ ሲተን እየጠነከረ ይሄዳል። ድፍድፉ 72% በቆሎ፣ 18% ራይ (የስንዴ ዘመድ የሆነ እህል)፣ 10% የገብስ ብቅል ነው። ጣፋጭነቱ ከበቆሎው፣ ቅመም ቅመም ማለቱ ከራዩ፣ የቫኒላና የተቃጠለ ስኳር ጣዕሙ ውስጡ በእሳት ከተለበለበው አዲስ የኦክ በርሜል ነው።

እንደ አረቄ በመለኪያ ጭልጥ ካደረግከው ይህ ሁሉ ያመልጥሃል። አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ 30 ሚሊ ቅዳና 10 ደቂቃ ተወው። ስታሸት አፍንጫህን ብርጭቆው ውስጥ አትክተት፤ አልኮሉ ያደነዝዝሃል። ከጠርዙ ራቅ ብለህ፣ አፍህን ከፈት አድርገህ አሽት።

የመጀመሪያዋ ጉንጭ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብትሆን ይበቃል። እሷ አፍ ማለማመጃ ናት፤ በእሷ አትፍረድ። ሁለተኛዋን ምላስህ ላይ 10 ሰከንድ ያህል አንከባለህ ዋጥና በአፍንጫህ ተንፍስ። ቼሪውና ጥቁር ቸኮሌቱ የሚመጡት ያኔ ነው።

አሁንም ከፈጀህ ውሃ ጨምር፤ ነውር የለውም። ለ30 ሚሊ አንድ የሻይ ማንኪያ (5 ሚሊ) ወደ 49% ያወርደዋል፣ ሁለት ማንኪያ ወደ 43%። በእኔ ግምት አንደኛው ላይ መቆም ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ የበርሜሉ ጣዕም መሳሳት ይጀምራል። በጠብታ እየጨመርክ በየመሃሉ ቅመስ፤ አንዴ የበዛ ውሃ አይመለስም። ውሃው ጋዝ የሌለው ይሁን፣ አምቦ ውሃ አይሆንም። በረዶ ማቃጠሉን ቢቀንስም ቅዝቃዜው ሽታውን ያፍነዋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የምግቡን ነገር ነው። አልኮል የሚቀሰቅሰው ሙቀት የሚሰማውን ነርቭ ነው፤ በርበሬም ያንኑ ነርቭ ይነካል። ቀይ ወጥ በልተህ ወዲያው 57.5% ብትቀምስ እሳት በእሳት ላይ ነው። ባዶ ሆድም አይሆንም። ቀለል ያለ ምግብ ብላ፣ በየመሃሉ ደረቅ ዳቦና ውሃ ይኑርህ።

ጠርሙሱን አቁመህ አስቀምጥ፤ ካጋደምከው አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ስትቆጥርም አትሳሳት፦ የዚህ 30 ሚሊ የተለመደውን የ40% ውስኪ 43 ሚሊ ያህላል፣ ውሃ ጨመርክበትም አልጨመርክበት።