ጆይስቲክ ወይስ ማውስ? ስለ ተኩስ ጌም የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

በምን ብንጫወት ይሻላል የሚል ጥያቄ ስለበዛ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ባጭሩ፣ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ለማነጣጠር ማውስ፣ ለመራመድ ጆይስቲክ። ኪቦርድ ስምንት አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሰጥህ። የጆይስቲኩ ግራ ስቲክ (በአውራ ጣት የምትገፋው ዘንግ) በፈለግከው አቅጣጫ፣ በፈለግከው ፍጥነት ይወስድሃል። ተኩስ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ቀድሞ ያነጣጠረው ነው።

ጥያቄ፦ ፕሌይስቴሽን ስጫወት ነው ያደግኩት። ማውስ ምን የተለየ ነገር አለው? ሁለቱንም የሚያንቀሳቅሰው እጅ አይደል?

መልስ፦ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ማውስ የሚለካው ርቀትን ነው። እጅህ በሄደ ቁጥር እይታህ ይዞራል፤ እጅህ ሲቆም ይቆማል። ስቲክ የሚያዘው ግን ፍጥነትን ነው። ገፋ ስታደርገው እይታህ መዞር ይጀምራል፤ እስክትለቀው አይቆምም። ስለዚህ ጠላት ላይ ለማሳረፍ ልክ በሰዓቱ መልቀቅ አለብህ። ትንሽ ከዘገየህ ያልፈዋል፤ ከዚያ መመለስ ነው። ከኋላህ ሲተኮስብህ ባለ ማውሱ እጁን አንዴ ጠረግ አድርጎ ይዞራል። አንተ ስቲኩን ዳር ድረስ ገፍተህ እስኪዞር ትጠብቃለህ። ደግሞ ስቲኩ ላይ ያለው አውራ ጣት ብቻ ነው። ማውስ ላይ ጣት፣ አንጓና ክንድ ይተባበራሉ። ልምምድ ይህን ልዩነት ያጠበዋል እንጂ አያጠፋውም።

ጥያቄ፦ ታዲያ አፔክስ የሚባለው ጌም ላይ ባለ ጆይስቲኮቹ ለምን ይፈጁናል? ኤይም አሲስት (ጌሙ ለማነጣጠር የሚሰጣቸው እርዳታ) ማጭበርበር አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፤ ጌሙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው አስበው ያስገቡት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኤክስቦክስ ላይ የወጣው ሄሎ የተባለው የተኩስ ጌም ለጆይስቲክ የተመቸው አንዱ በዚህ ነው። ማነጣጠሪያህ ጠላት አጠገብ ሲደርስ የመዞሪያው ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ አልፎት አይሄድም። ይህን አልቃወምም፤ ያለዚህ በስቲክ መጫወት ሥቃይ ነው።

ጠቡን ያመጣው ሌላኛው ዓይነት እርዳታ ነው። ጠላት ሲንቀሳቀስ እይታህን ትንሽ አብሮ ይጎትተዋል። ሰው አይቶ እጁን እስኪያዝ ጊዜ ይወስዳል፤ ፕሮግራሙ ግን ያንን አይጠብቅም። ለዚህ ነው ፊት ለፊት ተጠጋግታችሁ ስትታኮሱ የሚበልጡህ። ከሩቅ ሲሆን ማውስ ብልጫውን ይመልሳል። አፔክስ እ.ኤ.አ. በ2024 የፒሲ ተጫዋቾች ባሉበት ግጥሚያ ይህን እርዳታ በ25 በመቶ ቀነሰው። በእኔ እምነት ትክክል ነው ያደረጉት። እርዳታው የጣትን ድክመት ይሙላ፤ የሰውን ምላሽ መተካት ግን የለበትም።

ጥያቄ፦ ልጄ ላፕቶፕ አለው። ለተኩስ ጌም ጆይስቲክ ግዢልኝ እያለ አስቸገረኝ። ልግዛለት?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የትኛውን ጌም እንደሚጫወት ይጠይቁት። ቫሎራንት ከሆነ ብርዎን አያውጡ። የኮምፒዩተሩ ቫሎራንት በጆይስቲክ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2024 ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለኤክስቦክስ የወጣው በጆይስቲክ ይሠራል፤ እነሱ ግን ከኮምፒዩተር ተጫዋቾች ጋር አይገጥሙም። ባለገመድ ማውስና ሰፋ ያለ ማውስ ፓድ ይግዙለት። በላፕቶፑ ታችፓድ እንዲጫወት ግን አይተዉት፤ ተኩስ በእሱ አይሆንም። ኳስም የሚጫወት ከሆነ ጆይስቲኩ አይባክንም።

ጥያቄ፦ ኪቦርድና ማውስን ጆይስቲክ አስመስሎ ከፕሌይስቴሽን ጋር የሚያገናኝ ዕቃ አለ ይባላል። ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ። ማውስ ይዘህ ለጆይስቲክ የተሰጠውን እርዳታም ትወስዳለህ፤ ይህ ማጭበርበር ነው። ኮል ኦፍ ዱቲ እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን የሚለይ ቁጥጥር አለው፤ አካውንትህን ልታጣ ትችላለህ። ኮል ኦፍ ዱቲም ፎርትናይትም ፕሌይስቴሽን ላይ ኪቦርድና ማውስ በግልጽ ይቀበላሉ። ሰክተህ ተጫወት።

ጥያቄ፦ ማውስ ገዛሁ፤ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ምንም አልመታም።

መልስ፦ ፍጥነቱን አብዝተኸው ይሆናል። ዲፒአዩን (የማውሱን የራሱን ፍጥነት) 800 አድርገውና ጌሙ ውስጥ ያለውን ሴንሲቲቪቲ (የእይታውን የመዞር ፍጥነት) ቀንስ። ማውስ ፓዱን ከዳር ዳር ስትጠርገው ግማሽ ዙር ያህል ከዞርክ ለመጀመሪያ ጥሩ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን የሚለውን አጥፋ፤ ካልጠፋ እጅህ በፈጠነ ቁጥር ርቀቱ ይለዋወጥብሃል። ከዚያ ቁጥሩን ቶሎ ቶሎ አትቀይር፤ እጅህ ይልመደው።

ጥያቄ፦ ጆይስቲኬን ሳልነካው እይታው ብቻውን ይዞራል። ልጣለው?

መልስ፦ ቆይ፣ አትጣለው። ስቲኩ አርጅቷል፤ ድሪፍት የሚሉት ይህንን ነው። ሴቲንግ ገብተህ ዴድ ዞኑን (ስቲኩ ቢነቃነቅም ጌሙ የማይቆጥረውን የመሃል ክፍል) ጥቂት በጥቂት ጨምር፤ መዞሩ ሲያቆም እዚያው ተወው። አብዝተህ ከጨመርክ ትንንሽ እንቅስቃሴዎችህን አይሰማም። ሌላ መግዛት የግድ ከሆነ ሆል ኢፌክት ስቲክ ያለውን ፈልግ። በማግኔት ስለሚሠራ ውስጡ ተፋትጎ የሚያልቅ መለኪያ የለውም።