መልስ፦ ሸክላው ድምፁ የቀጠነብህ ለምንድን ነው
የአባትህን የአምሃ ሬከርድስ (የድሮው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አሳታሚ) ሸክላዎች ስታጫውት ድምፁ ለምን እንደሚያንስና ባስ (ወፍራሙን ድምፅ) እንደሚያጣ ጠይቀህ ነበር፤ ምክንያቱ የማጫወቻውን ገመድ አምፕሊፋየሩ ላይ «ኦክስ» በሚለው መሰኪያ በኩል ስለሰካኸው ነው። ሸክላዎቹ ምንም አልሆኑም።

ከመርፌው የሚወጣው ሲግናል 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ከፍ ይደረጋል፤ ይህን መልሶ የሚያስተካክለውና ደካማውን ሲግናል የሚያጎላው ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባል መሣሪያ ነው፤ በ«ኦክስ» በኩል ግን እሱ የለም።

1. አምፕሊፋየሩ ጀርባ «ፎኖ» የሚል መሰኪያ ካለ ገመዱን ወደዚያ አዙረው።
2. ከሌለ፣ ማጫወቻው ራሱ «ፎኖ/ላይን» የሚል ማብሪያ እንዳለው እይና ላይን ላይ አድርገው። እሱም ከሌለ አነስተኛ ፕሪአምፕ ገዝተህ መሀል ላይ አስገባ።
3. ከማጫወቻው የምትወጣውን ቀጭን የግራውንድ ሽቦ አምፕሊፋየሩ ወይም ፕሪአምፑ ላይ እሰር፣ አለዚያ እምምም የሚለው ድምፅ አይለቅህም።

ብር ከተረፈህ ከስፒከር በፊት አዲስ መርፌ ግዛ፣ ልዩነቱን ወዲያው ነው የምትሰማው።

አንድ ነገር ግን አደራ። መርፌው ሲዘል ክንዱ ላይ ሳንቲም የሚለጥፉ ሰዎች አይቻለሁ፣ በፍጹም እንዳታደርገው! የ1960ዎቹ ባለ 45 ዙር (በደቂቃ) ሸክላ አንዴ ከተፋቀ ተፋቀ ነው። መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበትን ክብደት የመርፌው አምራች ባለው ልክ አድርግ፤ ለምሳሌ ቪኤም95ኢ የተባለው የኦዲዮ ቴክኒካ መርፌ የሚፈልገው 2 ግራም ነው።